የጁምዓ የሆድ እጥበት

ያን ቀን ብሌንን ሊፍት ውስጥ ባላገኛት ኖሮ ዛሬም በልበ ሙሉነት ሰው ሳሳምም እኖር ነበር። ነገሩ የሆነው በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ፣ ረመዳን ከወጣ በሦስተኛው ጁምዓ ነው። ቅጠላ ቅጠል ከሚሸጠው የመናዊ ዘንድ አንድ ፌስታል ሰናመኪ፣ ያን የሚያስቀምጥ ቅጠል፣ ገዝቼ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ቤቴ ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር ውስጥ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደግኋቸው የአሠሪዬ ልጆች እናታቸው ስትሞት «ሐዋ ከዚህ አትነሳም» ብለው ተዉልኝ። ጠባብ ናት፤ ግን የራሷ ሽንት ቤት አላት፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። በሰው ቤት ኖሮ የማያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ሀብት እንደሆነ አይገባውም።

ብሌን ሦስተኛ ፎቅ ከባሏ ጋር የምትኖር የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት። ሰላምታዋ ያማረ፣ አነጋገሯ የተለካ። እኔ ደግሞ የተለካ ሰው አልወድም።

«እማማ ሐዋ፣ እንዴት ዋሉ? ልያዝልዎ?»

«ሰናመኪ ነው፤ አይከብድም።»

«አሞዎት ነው?»

«እኔ ምን ሆኜ! ሰው ቤት ለሚሠሩት ልጆች ነው። ዛሬ ጁምዓ አይደል፤ ሆዳቸውን የማጥብበት ቀን።»

«ሁሉንም?»

«ስድስት ናቸው። የመኪያ ግን እጥፍ ነው።»

ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ብሌን አልወረደችም። በሩ ተመልሶ ሲዘጋ ዓይኗን ፌስታሉ ላይ እንደተከለች «ለምን እጥፍ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ የእኔን የጁምዓ ሥራ ልንገራችሁ። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ሆዷ የራሷ አይደለም። ጠዋት ልጆቹን ማልበስ፣ ቀን ወለልና ልብስ፣ ማታ እንግዳ። የሠራተኛዋ ሽንት ቤት ከግቢው ጥግ፣ ከሾፌሩ ክፍል አጠገብ ነው። ሆዷ ሲጠራት ማዳሟም በደወል ትጠራታለች። ስለዚህ ይዛ ትውላለች። ውሃም አትጠጣም፤ ከጠጣች መመላለስ ይመጣላ! ሰኞ ያልወጣው ማክሰኞ ይደርቃል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ጁምዓ ይጠራቀማል። ጁምዓ እኔ ጋ ይመጣሉ። በሬ ላይ ሰላምታዬ አንድ ነው፤ «ስንት ቀንሽ ነው?» እላለሁ። በጣታቸው ያሳዩኛል። ሦስት ጣት ከሆነ ሦስት ጭብጥ፣ አምስት ጣት ከሆነ አምስት ጭብጥ ሰናመኪ አፈላለሁ። ጠጥተው ተራ በተራ ይታጠባሉ። በመላዝና በመንፉሐ የእኔን ስም የማታውቅ የአገሬ ልጅ ጥቂት ናት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አላስተማረኝም። የሰው ሆድ ግን ከሐኪም በላይ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

መኪያ የሟች እህቴ የናፊሳ ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሱለይማኒያ ሰፈር አንድ ቪላ ቤት ትሠራለች። ከረመዳን ወዲህ ቁርጠቱ ጠናባት። ሰናመኪውን ባበዛሁ ቁጥር ቁርጠቱም እየበዛ መጣ። እኔም ውስጤ እየራደ እጨምርላት ነበር። ለምን እንደራድኩ እነግራችኋለሁ፤ ቆዩ።

ጣሪያው ላይ ስንደርስ መኪያ በሬ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ክንዷን ሆዷ ላይ አጣጥፋ አገኘናት። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔን ስታይ አምስት ጣቷን አነሳች።

«በይ ግቢ፤ ውሃ ልጣድ» አልኳት።

«እማማ ሐዋ፣ ከመጣድዎ በፊት ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቃት» አለች ብሌን።

«ጠይቂ፤ አፍ የራስሽ ነው።»

ብሌን አጠገቧ ተቀመጠች፤ ያውም በነጭ ሱሪ፣ አቧራው ላይ። «መኪያዬ፣ ባለፈው ጁምዓ ከጠጣሽ በኋላ ሕመሙ ለቀቀሽ?»

«ወጣልኝ ሲስተር። ግን ሲወጣ ሆዴን እንደ ጨርቅ ነው የሚጨምቀኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ስመለስ ደግሞ እንደገና ይጀምረኛል።»

«ቅዳሜ ጠዋት ሆድሽ ባዶ አይደለም እንዴ?»

«ባዶ ነው።»

ብሌን ወደ እኔ ዞረች። «አዩ እማማ ሐዋ? ሕመሙ የታሰረው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲወጣ አብሮ በወጣ ነበር።»

«ሥሩ አልወጣማ! ለዚህ ነው እጥፍ የማፈላላት።»

«ሰናመኪ መድኃኒት አይደለም አላልኩም፤ ሐኪምም ያዝዘዋል። ግን በልኩ ነው። እርስዎ በጣት ቆጥረው በጭብጥ ሲያጠጧት አንጀቷን በኃይል ያኮማትረዋል፤ ቁርጠቱ ያ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይዛ፣ በአንድ ቀን ማራገፍ…»

«አንቺ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምትይዘው ወድዳ መሰለሽ? ነይና ማዳሟ ቤት አንድ ቀን ዋይላት!»

ደህና አድርጌ የነገርኳት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነዎት። እኔም የምለው እሱን ነው። ይህ ዐረቦቹ ቆሎን የሚሉት ሕመም ይመስለኛል፤ የሚቆጣ አንጀት፣ ድርቀት ያለበት ዓይነት።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ቆሎን! ቆሎንማ የማዳሞች በሽታ ነው። ሥራ ሲያጡ የሚይዛቸው። ደሃን ቆሎን አይይዘውም።»

«ሠራተኛን ነው ይበልጥ የሚያስጨንቀው፣ እማማ። መኪያ፣ ከረመዳን ወዲህ ያላመመሽ ቀን አለ?»

መኪያ አሰበች። «ለዒድ እነ ማዳም ጅዳ ሄደው ነበር። ዘጠኝ ቀን። ያኔ… ያኔ አላመመኝም።»

«ሆድሽስ እንዴት ነበር?»

«እሱማ ያው ነበር፤ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ይቆይ ነበር። ግን አያመኝም። ተኛሁ። ጠግቤ ተኛሁ ሲስተር! በረመዳንማ ከማታው ፍጥር እስከ ሌሊቱ ሱሑር ወጥ ቤት ቆሜ፣ ጠዋት ልጆቹ ሲነሱ እነሳ ነበር።»

ልጅቱ ያችው፣ ሩዙ ያው፣ ድርቀቱም ያው። የጎደለው እንቅልፍ ማጣቱና የማዳም ደወል ብቻ ነው። ነገሩ ሆዴ ገባ፤ አፌ ግን እሺ አላለም።

«ታዲያ እንቅልፍና ሆድን ምን ያገናኛቸዋል?» አልኩ።

«እርስዎ የሚያስፈራ ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ የት ይሰማዎታል?»

እጄ ሳላዝዘው ሆዴ ላይ አረፈ። 

«አንጀትና ራስ ይነጋገራሉ» አለች ብሌን፤ «እንቅልፍ ያጣ፣ የሰጋ፣ ያዘነ ሰው አንጀቱ ንቁ ይሆናል። ሌላው ሰው የማይሰማው ትንሽ መነፋት እሷን እንደ ቢላ ይወጋታል። መያዙ ይጨምርበታል፤ ማማጡ ይጨምርበታል፤ ቆሞ ተቻኩሎ መብላቱ፣ ውሃ መተዉ ይጨምርበታል። ደግሞ ከወር አበባዋ በፊት ይብስባት ይሆናል።»

መኪያ ቀና አለች። «እንዴት አወቅሽ ሲስተር?»

«ብዙ እህቶቼ እንዲያ ስለሚሉኝ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደም አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ልብስሽ ሰፍቶሻል ወይ፣ ያተኩስሻል ወይ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሻል ወይ እያለች ጠየቀቻት። ሁሉንም አይ አለች። «ከቤተሰብ በአንጀት የታመመ አለ?» ስትል ግን መኪያ ዓይኗን ወደ እኔ ላከች።

ያ የምርድበት ነገር መጣ።

«እናቷ» አልኩ። «ናፊሳ አንጀቷ ተቆልፎ ነው የሞተችው። ይህችም እየሄደች ያለችው በዚያው መንገድ ነው። ለዚህ ነው ሆዷን የማጥብላት፤ ገባሽ? በከንቱ መሰለሽ?»

ብሌን ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም። ሰናመኪውን እንዳላፈላ በሁለት እጇ ለመነችኝ፤ ሐኪም ትያት ብላም ለማዳሟ ራሷ ደወለች። ማዳሟም ሳትከራከር በማግስቱ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ክሊኒክ የሚያደርሰን ሾፌሯን እኔ ቤት ድረስ እንደምትልክ ተናገረች። ይህ ገረመኝ። መኪያን ግን ምንም አልገረማትም፤ «እቴቴ፣ በሽታ ከተገኘብኝ ይመልሱኛል» እያለች ጥፍሯን ስትነክስ አመሸች።

በማግስቱ ሦስታችን ክሊኒክ ገባን። ሐኪሟ ግብፃዊት ናት፤ ነጠላ ጫማ አድርጋ የምትሠራ፣ ደከም ያላት ሴት። የመኪያን ሆድ በጣቷ እየተጫነች መረመረች፤ ደም አስቀዳች፤ ብሌን የጠየቀቻትን ሁሉ እንደገና ጠየቀች። ፊቷ የከፋ ነገር ያየች አይመስልም ነበር። ቀጥላ ስለ ቤተሰብ ጠየቀች። እኔም ቀደም ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በዐረብኛ «እናቷ በአንጀት በሽታ በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ሞታለች» አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት፤ የምታውቅ ሴት መሆኔን ታይልኝ ብዬ።

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። «በዚህ ዕድሜ? እንግዲያው አንጀቷን በካሜራ ማየት አለብን። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ልያዝላት። የደሙን ውጤት ግን ዛሬውኑ ስለሚደርስ ውጭ ጠብቁ።»

ኮሪደሩ ላይ ወንበር እንደያዝን መኪያ እጥፍ አለች። ጥርሷን ነክሳ፣ ግንባሯ ላብ አውጥቶ፣ የወንበሩን ብረት ጨበጠች። ቁርጠቱ ነው፤ ጁምዓ ከሚይዛት የባሰ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ምን ትብላ? ከጠዋት ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት። ሰናመኪ አልጠጣችም። ማዳምም ደወልም እዚህ የለም። እኔ ከተናገርኳት አንዲት ነገር በቀር በሆዷ የገባ ምንም አልነበረም።

«እቴቴ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ተቆራርጦ፤ «እናቴንም እንዲህ ነበር የጀመራት?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ለሁሉ ነገር መልስ ነበረኝ። ያን ጊዜ ግን «እናትሽማ…» ብዬ ጀመርኩና ላቧን በሻርፔ ጫፍ ጠረግኩላት።

ብሌን የመኪያን ጀርባ እያሻሸች ቀስ ብላ «እማማ ሐዋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ናፊሳ ስታርፍ እርስዎ የት ነበሩ?» አለችኝ።

«እዚሁ። ሪያድ።»

«አንጀቷ መሆኑን ማን ነገረዎ?»

«ማን ነገረዎ ማለት ምን ማለት ነው? ሁሉም የሚያውቀው ነው!»

«ማን ነበር የነገረዎ፣ እማማ?»

አሰብኩ። ከአገር የመጣች አንዲት ልጅ ናት ያረዳችኝ፤ «ናፊሳ ታማ ሞተች» ብላ፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልነበራትም። ሴቶቹ ለለቅሶ ሲመጡ «ምን ሆና?» ይሉኛል። የገዛ እህቴ የሞተችበትን አላውቅም ልበል? ያን ሰሞን እኔ ራሴ ሆዴ ደርቆ እሠቃይ ነበር። «አንጀቷ ተቆልፎ» አልኩ። አንዴ አልኩት፤ ሁለተኛ አልኩት፤ በሦስተኛው እኔም አመንኩት። መኪያ ሪያድ በገባች ቀንም «ሆድሽን ጠብቂ፤ እናትሽን የበላት እሱ ነው» ብዬ ተቀበልኳት። ሦስት ቀን ሳይወጣላት በቀረ ቁጥር ሞቷን ስትቆጥር የኖረችው ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ስልኬን አውጥቼ አገር ቤት ሀርቡ ላለው ወንድሜ ለሙላው በኢሞ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሁለት ጊዜ ደግሜ ደወልኩ።

«ሙላው፣ ናፊሳን የገደላት ምንድን ነው?»

«ምን ነካሽ ዛሬ? ዳነች ወይ ብለሽ ነው?»

«ቀልዱን ተወኝ! ምን ነበር ያመማት?»

«ወባ ነዋ! ያን ዓመት ሀርቡን የፈጀው ወባ። ስድስት ቀን አንቀጠቀጣት፤ ሐኪም ቤት ስናደርሳት ጊዜው አልፎ ነበር። አታውቂም እንዴ?»

«ሆዷንስ?»

«ሆዷን ምን ትሆናለች? እሷ እንኳ ድንጋይ ብትበላ የሚፈጭላት ሴት ነበረች።»

ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር መኪያ ሁሉንም ሰማች። የወንበሩን ብረት የጨበጠው እጇ ቀስ እያለ ላላ። ከዚያ አለቀሰች፤ ለእናቷ ይሁን ለራሷ አልጠየቅኋትም። እኔ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው።»

ይህን ለማለት ስልሳ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሐኪሟ ዘንድ ተመልሰን ነገሩን ስንነግራት መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ያ ሃጃ» አለች፣ እማማ ማለቷ ነው፤ «አንቺን ምን ዓይነት ካሜራ ይመርምርሽ?» ብሌን ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ያዘች። ስድቡ ይገባኛል።

የደሙ ውጤት ደኅና ነበር፤ ደም ማነስ የለባትም፤ ሌላውም ምርመራ ደኅና ነው። «ካሜራው ለጊዜው ይቅር» አለች ሐኪሟ። «ደም ካየሽ፣ ሳትፈልጊ ከከሳሽ፣ ካተኮሰሽ፣ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ መቀስቀስ ከጀመረ ግን ያን ቀን ነይ። ይህ ቆሎን ነው።»

መኪያ ግራ ገብቷት «እንግዲያው ሕመሜ ውሸት ነው? በፍርሃቴ የፈጠርኩት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«በጭራሽ!» አለች ሐኪሟ፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ድምፅዋን ያነሳችው። «ሕመምሽ እውነት ነው። ፍርሃት እሳቱን ያራግበዋል እንጂ እሳቱ አለ። ስለዚህ በሁለት በኩል ነው የምናጠፋው።» በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት አዘዘችላት፤ በየቀኑ በልኩ የሚጠጣ፣ እንደ ሰናመኪ አንጀትን የማይጨምቅ። አጃ በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ውሃ፣ ተቀምጦ መብላት። ከቁርስ በኋላ አንጀት ራሱ ስለሚነቃ ያን ሰዓት ሳይቻኮሉ መቀመጥ፤ እግርን በርጩማ ላይ ከፍ ማድረግ። ሲጠራ መሄድ። መተኛት።

«ሲጠራ መሄድ» የሚለው ጋ ስንደርስ መኪያና እኔ ተያየን። ማን ይፈቅድላታል?

ለማዳሟ የደወልኩት እኔ ነኝ። ብሌን ልደውል ብትለኝ እንቢ አልኩ፤ ይህንስ እንኳ እኔ ልካስ። «ማዳም፣ ልጄ ሽንት ቤት መሄድ አለባት» አልኳት፣ ያለ ሰላምታ።

«ማን ከለከላት?» አለች ማዳሟ፣ ተገርማ።

«ደወልሽ! የሠራተኛው ሽንት ቤት ደግሞ ከግቢው ጫፍ ነው፤ ሄዳ እስክትመለስ አምስት ጊዜ ትደውያለሽ።»

«እኔም ቆሎን አለብኝ፣ ያ ሐዋ። በእኔ ቤት ሌላ ሰው እንዳለበት ግን አላወቅኩም» አለች። «ከቁርስ በኋላ የታችኛውን የእንግዳ ሽንት ቤት ትጠቀም፤ ያን ሰዓት አልጠራትም። ኸላስ፣ አለቀ።» ማዳሟ መልአክ ሆነች እያልኩ አይደለም፤ እንግዳ ሲበዛ እስካሁን ትረሳለች። ግን መኪያም ለሁለት ዓመት አንድ ቀን አፍ አውጥታ አልጠየቀችም ነበር። ልጠይቅ ብትል ኖሮ ደግሞ እኔው «ዝም ብለሽ ያዥ፤ ጁምዓ አለሽ» እላት ነበር።

አሁን እናንተ በሰው ቤት ያላችሁ ልጆች ስሙኝ። ሰናመኪ መጣል የለባችሁም፤ በጭብጥ መጠጣትን ግን ጣሉት፤ እኔ ጥዬዋለሁ። የሳምንቱን አታጠራቅሙ፤ ሆድ ቁም ሣጥን አይደለም። ውሃ ጠጡ፤ ብትመላለሱ ማዳም አትሞትም። በሚያማችሁ ጊዜ ምን እንደበላችሁ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ማን እንደጮኸባችሁ፣ ምን ወሬ እንደሰማችሁ አስቡ። ሐኪሟ ከቆጠረቻቸው አደገኛ ምልክቶች አንዱን ካያችሁ ይመልሱኛል ብላችሁ አትደብቁ። ባለማወቃችሁም አትፈሩ፤ የተማረ ሰው ጠይቁ። እናንተ አሮጊቶች ደግሞ፣ እኔን ጨምሮ፣ የማናውቀውን ሞት ለወላጅ አልባ ልጅ አንተርክ።

መኪያ ሙሉ በሙሉ ዳነች አልልም። እንቅልፍ ባጣች ሳምንት ዛሬም ይነካካታል። ግን አትጠወልግም፤ ምን እንደሆነ ስለምታውቀው ትተኛለች፤ ውሃ ትጠጣለች፤ ያልፋል። ልጆቹ ጁምዓ ጁምዓ አሁንም ጣሪያዬ ላይ ይመጣሉ። ቁልፉን እሰጣቸዋለሁ፤ ቁጭ ብለው ይበላሉ፤ ጥላው ውስጥ ይተኛሉ። ብሌንም ትወጣለች፤ ደም ግፊቴን ትለካለች፤ እኔም እሰድባታለሁ።

ባለፈው ጁምዓ መኪያ ስትመጣ የድሮው ልማዴ አመለጠኝና በሬ ላይ «ስንት ቀንሽ ነው?» አልኳት።

ጫማዋን እያወለቀች ጣቶቿን ልታነሳ ጀመረች፤ አንዱን አነሳች፤ ቆም ብላ አሰበች፤ መልሳ አጠፈችው።

«አልቆጠርኩም እቴቴ» አለችና አልፋኝ ገባች።